ከሽመና መኪና እስከ መኪና

አማርኛችን አንዳንዴ ቃል ይቆጥባል። ልብስ የምትሰፋዋ የስፌት መኪና፣ ደብዳቤ የምትመታዋ የጽሕፈት መኪና፣ ጠዋት ጠዋት ተጋፍተን የምንሳፈራትም እንዲሁ መኪና ናት። ሌላው ቋንቋ ለየብቻ ስም ያወጣላቸውን እኛ አንድ ስም ሰጥተን፣ ካስፈለገም ከፊቱ አንድ ቃል ጨምረን እንገላገላለን። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ይህን እንደ ቋንቋ ድህነት የሚቆጥሩ ተማሪዎች ያጋጥሙኝ ነበር። በዚህ ጉዳይ እኔ ከአማርኛ ጋር ነኝ። ምስክሬም አንድ የጃፓን ቤተሰብ ነው፤ የሽመና መኪና ሲሠራ ኖሮ፣ ከዚያው ግቢ ተነሥቶ ወደ መንገድ መኪና የተሻገረ ቤተሰብ።

ቤተሰቡ ቶዮዳ ይባላል። በ“ዳ” ነው፤ የፊደል ለቃሚ ስህተት አይደለም። “ታ” የመጣችበትን ምክንያት ስንደርስበት እናወራዋለን። ዶልፊኑን፣ ኮሮላውን፣ ቪትዙን፣ ባለሥልጣን ሲያልፍ መንገድ የሚለቀቅለትን ላንድ ክሩዘር የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። የእነዚህን ሁሉ አያት የሚያውቅ ግን እምብዛም ነው። አያትየው አንድም አውቶሞቢል ሳይሠራ ነው የሞተው። ዕድሜውን የጨረሰው ከድርና ከማግ ጋር ሲታገል ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳኪቺ ቶዮዳ የተወለደው በ1867 ነው፤ የሜይጂ ዘመን ሊብት አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። መንደሩ ያማጉቺ ይባላል፤ ዛሬ በሺዙኦካ አውራጃ ኮሳይ የምትባለው ከተማ አካል ነው። አባቱ ኢኪቺ ገበሬም አናጺም ነበር። ሳኪቺም ከመደበኛ ትምህርት ብዙም ሳይቀምስ መጋዝና መላጊያ ያዘ። በዚያ አገር እንደ እኛው ገጠር ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ከእኛ የሚለየው ግን እዚያ የሚሸምኑትም ሴቶቹ መሆናቸው ነው። እናቱ ማታ ማታ በመብራት ስትሸምን እያየ ማደጉን፣ ድካሟን ለመቀነስ ሲል መሸመኛ ለመፈልሰፍ መነሣቱን የቤተሰቡ ታሪክ ሁሉ ይተርካል።

የእናት ድካም ብቻ ግን ፈልሳፊ አያደርግም። እናቱ ሲደክሙ ያላየ ማን አለ? ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው መጽሐፍ ነው። ሳሙኤል ስማይልስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ስለ ራስ አገዝነት የጻፈው መጽሐፍ በ1871 በናካሙራ ማሳናኦ ተተርጉሞ የጃፓን ወጣት ሁሉ እጅ ገብቶ ነበር። በውስጡ ከድህነት ተነሥተው የሽመናና የፈትል ማሽን የፈለሰፉ የእንግሊዝ ጸጉር አስተካካዮችና ሠራተኞች ታሪክ አለ። ትርጉም ሥራን “የሰው እጅ ማየት” አድርገው ለሚንቁ ወዳጆቼ ይህን ነገር ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ1885 የጃፓን መንግሥት አንድ ሰው የፈለሰፈውን ነገር ሌላው እንዳይነጥቀው የሚጠብቅ የባለቤትነት መብት ደንብ አወጣ። ልጁ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎተራ ውስጥ ገብቶ መሥራት፣ ማፍረስ፣ ደግሞ መሥራት ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ “ይህ ልጅ ለየለት” አለ። አባቱም የአናጺነቱን ሙያ ትቶ በእንጨት ላይ ሲያፈጥጥ መዋሉን አልወደዱለትም።

በ1890 ቶኪዮ ውስጥ፣ ኡኤኖ ላይ፣ ትልቅ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሳኪቺ ሄዶ ከውጭ የመጡትን ማሽኖች ፊት ለፊት ተገትሮ ሲያያቸው ሰነበተ። በዓመቱ፣ በ1891፣ የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት አገኘ፤ ለእንጨት የእጅ መሸመኛ።

ሽሮ ሜዳ ጎራ ብሎ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ፈጠራው ምን እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ድሩ ተወጥሯል። ሸማኔው በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ በአንድ እጁ መወርወሪያውን ይልካል፣ በሌላው እጁ ይቀበላል፣ ከዚያ ማጉን መትቶ ያጠብቃል። መክፈት፣ መወርወር፣ መምታት፤ ቀኑን ሙሉ ያው ነው። ሳኪቺ ያደረገው ነገር መምቻውን በአንድ እጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲስቡት መወርወሪያው በራሱ ወዲያ ወዲህ እንዲል ነው። ሁለተኛው እጅ ነጻ ወጣ። ሥራው በግማሽ ያህል ፈጠነ፤ ጨርቁም ተስተካከለ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ለዓለም አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ የሚበረውን መወርወሪያ በ1733 ሠርቶታል፤ ካርትራይትም በሞተር ኃይል የሚሠራ መሸመኛ ካወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። የሳኪቺ ጎተራ ከማንቸስተር በመቶ ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ጎተራ ነበር። የሚገርመው እዚያ ወደ ኋላ መቅረቱ አይደለም፤ ከዚያ ተነሥቶ የት እንደደረሰ ነው።

የደረሰው በነጻ አልነበረም። በ1894 ክር የሚጠቀልል ማሽን ሠርቶ ገንዘብ ማየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ኪይቺሮ የተባለ ወንድ ልጁ ተወለደ። የልጁ እናት ታሚ ግን ብዙም ሳትቆይ ቤቱን ጥላ ሄደች። ሕፃኑ በአያቶቹ እጅ ቀረ። ሳኪቺ በ1897 አሳኮ የምትባል ሴት አገባ፤ እሷ ደግሞ የንግዱ ምሰሶ ሆነች። የፈልሳፊዎችን ታሪክ ስታነቡ ይህችን ዓይነት አንዲት መስመር ሁሌም ታገኟታላችሁ፤ ጸሐፊው እሳት እንደረገጠ ሰው ዘሏት ወደ ሚቀጥለው ፈጠራ ይሮጣል። እናቱን ከድካም ሊያሳርፍ የተነሣ ሰው ሚስቱን ቤት ውስጥ ማቆየት አቃተው። ልጁ ኪይቺሮ ዕድሜውን በሙሉ ዝምተኛ ሰው እንደነበር ይነገራል።

በ1896 ሳኪቺ ከእንጨትና ከብረት የተሠራ፣ በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ መሸመኛ አጠናቀቀ። የጃፓን የመጀመሪያው ነው። ከውጭ ከሚመጣው ማሽን በብዙ እጥፍ ይረክሳል። አንዲት ትንሽ ነገርም ነበረችበት፤ ማጉ ሲበጠስ ወይም ሲያልቅ መሸመኛው በራሱ ይቆማል። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ እንመለስባታለን። በኦቶካዋ መንደር ከአንድ ነጋዴ ጋር ሆኖ ባቋቋመው ፋብሪካ የተሸመነው ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆኑን ያየው ትልቁ ሚትሱይ የንግድ ድርጅት “ይህን ማን ሠራው?” ብሎ ፈልጎ መጣ።

ሀብታም ደጅህን ሲያንኳኳ ደስ ይላል፤ ማን እንግዳ ማን ባለቤት እንደሆነ ለማወቅ ግን ጊዜ ይወስዳል። በሚትሱይ ገንዘብ በ1899 አንድ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሳኪቺ ዋና መሐንዲስ ሆነ፤ ንግዱ ሲቀዘቅዝ ተለያዩ። በ1907 ሌላ ኩባንያ በስሙ ተቋቋመ፤ ስሙ የሱ ነው፣ ገንዘቡና ሥልጣኑ የሌሎች ነው። ነጋዴዎቹ የሚፈልጉት የሚሸጥ ማሽን ነው፤ እሱ የሚፈልገው ሳይሸጥ በፊት ዓመት ሙሉ የሚፈተን ማሽን ነው። በ1910 ገበያ ሲወድቅ “አንተ ፈጠራ ላይ ተጠምደህ ነው ያከሰርከን” ብለው ሥራ እንዲለቅ አስገደዱት። በስሙ ከሚጠራው ኩባንያ ተባረረ ማለት ነው።

ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቅስሙ ተሰብሮ በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄደ። ኒው ዮርክ ላይ ያገኘው ሰው ታካሚኔ ጆኪቺ ነው፤ አድሬናሊንን በንጹሕ መልኩ ነጥሎ በማውጣት የታወቀው ኬሚስት። ታካሚኔ ወጣት እያለ በጃፓን የፈጠራ መብት ቢሮ ውስጥ ያገለገለ ሰው በመሆኑ የፈልሳፊን ችግር ያውቃል። አጽናናው፣ አበረታታው፤ ፈልሳፊ የፈጠረው ነገር ተግባር ላይ እስኪውል ድረስ ከእጁ ሊለቀው አይገባም የሚል ምክር እንደሰጠውም ይጻፋል። ሳኪቺ የአሜሪካንና የአውሮፓን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ዞሮ አየ። መንገዱን የሞሉትን አውቶሞቢሎችም አየ። ከማሽኖቹ የራሱ እንደማያንስ ተማምኖ በ1911 መጀመሪያ ላይ አገሩ ገባ።

ከዚያ ያደረገውን ነገር እወድለታለሁ። ሦስተኛ ባለሀብት አልፈለገም። ተበድሮ ናጎያ ውስጥ የራሱን የሽመና ፋብሪካ ከፈተ። ጨርቅ እየሸጠ ማሽን ይፈትናል። አለቃ የለበትም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የአውሮፓ ጨርቅ ከእስያ ገበያ ጠፋ፤ የጃፓን ሸማኔ ሁሉ በለጸገ፤ እሱም አብሮ በለጸገ። በ1918 የቶዮዳ ፈትልና ሽመና ኩባንያ ተመሠረተ፤ በ1921 ሻንግሃይ ላይ ሌላ ተጨመረ። ድርጅቱ አሁን የቤተሰብ ነው፤ ሴት ልጁ አይኮ በ1915 ያገባችው ሪሳቡሮ እንደ ጃፓን ልማድ የአማቱን ስም ወርሶ የቤቱ ልጅ ሆኖ ተመዝግቧል። ዕድሜው ከኪይቺሮ ስለሚበልጥ በሕግ ፊት ታላቅ ወንድም ነው። ይህም በኋላ ጣጣ አለው።

እዚህ ላይ ስለ ማሽኑ ብቻ አውርቼ ማለፍ አልችልም። በእነዚያ ዓመታት በጃፓን የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች ውስጥ ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው የገበሬ ሴት ልጆች ናቸው። ደላላ መንደር ገብቶ ለአባት ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል፣ ልጅቷ ዕዳውን እስክትከፍል በፋብሪካው ማደሪያ ትቆለፋለች፤ ሌሊት በፈረቃ ትሠራለች፤ የጥጥ ብናኝ ትተነፍሳለች፤ ሳንባዋ ሲታመም መንደሯ ይመልሷታል። ሆሶይ ዋኪዞ የተባለ፣ ራሱ በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ያደገ ሠራተኛ፣ የእነዚህን ሴቶች ኑሮ የመረመረ መጽሐፍ በ1925 አሳትሞ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1929 የሴቶችና የልጆች የሌሊት ሥራ በሕግ ተከለከለ። ባለፋብሪካዎቹም በጥቂት ሰው ብዙ የሚሸምን ማሽን አጥብቀው መፈለግ ጀመሩ። የሳኪቺ ታላቁ ማሽን ገበያው የደራለት በዚህ ወቅት ነው። የእናት ድካም ለመቀነስ የተጀመረው ሥራ እንግዲህ የልጆችን እንጀራም የሚቀንስ ሆነ ማለት ነው። ኩባንያዎች ስለ ራሳቸው በሚያስጽፉት ታሪክ ውስጥ እናትየው ዘወትር አለች፤ ልጃገረዶቹ ግን ብዙ ጊዜ የሉም። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ካላስቀመጥኳቸው ታሪኩ ጎዶሎ ሆኖ ይታየኛል።

ማሽኑ የተጠናቀቀው በ1924 ነው፤ “ጂ ዓይነት” ይሉታል። ችግሩ ይህ ነበር። መወርወሪያው ውስጥ ያለው ቀሰም የሚይዘው ማግ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ባለቀ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛዋ መጥታ ትቀይራለች፣ እንደገና ታስነሳለች። አሜሪካ ውስጥ ኖርዝሮፕ ባዶውን ቀሰም በራሱ የሚለውጥ ማሽን ቀደም ሲል ሠርቷል። ሳኪቺና ልጁ ደግሞ መወርወሪያውን ራሱን፣ ማሽኑ በሙሉ ፍጥነት እየሠራ ሳለ፣ ለቅጽበት እንኳ ሳይቆም፣ ከነቀሰሙ ገፍቶ በማውጣት ሌላ የሚተካ ዘዴ አገኙ። ማጉ እስኪያልቅ ድረስ አይቆምም፤ ካለቀም አይቆምም። ማቆም ሲገባው ግን ይቆማል። በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ ቀጭን ብረት ተንጠልጥሏል፤ ክሩ ሲበጠስ ብረቱ ይወድቃል፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ማሽኑን አፍጥጣ መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ የቆመውን ብቻ ታያለች። አንዲት ሴት ሠላሳና ከዚያ በላይ መሸመኛ መቆጣጠር ቻለች። በላንካሻየር በዚያው ዘመን አንድ ሸማኔ የሚይዘው በአብዛኛው አራት ነበር።

ጃፓኖች ይህን የማሽን ጠባይ “ጂዶካ” ይሉታል። ቃሉን ሲጽፉት ታዲያ አንድ ጨዋታ አላቸው፤ እኛ በግዕዝ ፊደል ልናደርገው የማንችለው። “መንቀሳቀስ” የሚለውን የሥዕል ፊደል ወስደው ከጎኑ “ሰው” የሚለውን ምልክት ያክሉበታል። ዝም ብሎ የሚንቀሳቀስ ሳይሆን፣ ሰው ያለበት፣ ስህተቱን የሚያውቅ እንቅስቃሴ መሆኑ ነው። ከፈትልና ሽመናው ኩባንያ የወጣው ታይቺ ኦኖ በኋላ በመኪናው ፋብሪካ ውስጥ ይህንኑ ተከለው፤ ማንኛውም ተራ ሠራተኛ ስህተት ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን በሙሉ ማቆም ይችላል። ዓለም ዛሬ “የቶዮታ የአመራረት ስልት” እያለ በየንግድ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ነገር አንዱ እግሩ የተተከለው በተበጠሰ ክር ላይ ነው።

የ“ጂ ዓይነት”ን ማሽን በብዛት ለማምረት በ1926 ካሪያ ከተማ ላይ የቶዮዳ አውቶማቲክ ሉም ፋብሪካ ተቋቋመ። ፕሬዚዳንቱ አማቹ ሪሳቡሮ ነው። ኪይቺሮ፣ በቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምሕንድስና የተማረው፣ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው መሐንዲስ ሆነ።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ኦልድሃም ከተማ ውስጥ ፕላት ብራዘርስ የሚባል ድርጅት ነበር፤ እሱም ከቤተሰብ የተነሣ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በዓለም ትልቁ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ሠሪ ሆኖ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያሠራ ነበር። ባለቤቱ ጆን ፕላት የከተማዋ የፓርላማ አባል እስከ መሆን ደርሷል። የጃፓን የፈትል ፋብሪካዎች ሲቋቋሙ ማሽናቸውን በብዛት የገዙት ከፕላት ነው። ኪይቺሮም በ1922 መጀመሪያ ላይ እዚያ ሄዶ ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ ሠልጣኝ ሲያይ፣ ሲጽፍ፣ ሲሥል ከርሟል። ተማሪ ነበር።

ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1929፣ ያው ሰው እዚያው ግቢ ተመልሶ ገባ። በዚህ ጊዜ ሊማር አይደለም። ፕላት የ“ጂ ዓይነት”ን ማሽን ከጃፓን፣ ከቻይናና ከአሜሪካ ውጭ የመሥራትና የመሸጥ መብት በ100,000 ፓውንድ ሊገዛው ነው። የተማሪ ቤቱ ባለቤት ከተማሪው እየገዛ ነው! የውሉ ቀን ግን ክፉ ነበር፤ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ ገና ሁለት ወር መሆኑ ነው። ፕላት ገንዘቡን በየጊዜው የሚከፍል ነበርና ችግሩ ሲበረታበት ይቀነስልኝ ብሎ አስቀነሰ። ማሽኑም በላንካሻየር ብዙ ገዢ አላገኘም። ባለፋብሪካው ገንዘብ አልነበረውም፤ ሸማኔው ደግሞ በ1931 “ለአንድ ሰው ተጨማሪ መሸመኛ አይጫን” ብሎ ከአሠሪዎቹ ጋር ትልቅ ግብግብ ገጥሞ ነበር። በዚያው ዓመት ፕላት ራሱ ከሌሎች የሙያ ጓዶቹ ጋር ተዋሕዶ አንድ ኩባንያ ሆነ። የኦልድሃሙ ፋብሪካ በ1982 በሩን ዘጋ።

አንድ ተወዳጅ ታሪክ አለ። ሳኪቺ በ1930 ሲሞት ልጁን ጠርቶ “እኔ መሸመኛ ሠርቼ አገሬን አገለገልኩ፤ አንተ ደግሞ መኪና ሥራ፤ የፕላትን ገንዘብ ለዚህ አውለው” ብሎ ተናዘዘ የሚል። ኑዛዜ ለሚወድ ሕዝብ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ከዚህ የተሻለ ታሪክ የለም። የታሪክ ተመራማሪዎች ሒሳቡን ሲቆጥሩ ግን ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ያልገባ፣ ለመኪናውም ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የመኪናው ኩባንያ በ1937 ሲመሠረት ካፒታሉ 12 ሚሊዮን የን ነው፤ የፕላት ውል በሙሉ ቢከፈል እንኳ አንድ ሚሊዮን ያህል ነበር። መኪናውን የወለደው ኑዛዜው ሳይሆን መሸመኛው በየዓመቱ ያስገባ የነበረው ትርፍ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህችን የሚያነሣት ጥቂት ነው። በ1936 መንግሥት ባወጣው ሕግ ዮኮሃማና ኦሳካ ላይ መኪና ይገጣጥሙ የነበሩት ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ እጃቸው ታሰረ፣ ፈቃድ ለአገር ልጆች ተሰጠ። ጦሩ የጭነት መኪና ይፈልግ ነበር። ብልኃት ብቻውን አልሠራውም ለማለት ነው።

ኪይቺሮ ሥራውን የጀመረው በመሸመኛ ፋብሪካው አንድ ጥግ ላይ፣ ትንሽ ሞተር ፈታትቶ በመገጣጠም ነው። አማቹ ሪሳቡሮ ሐሳቡን ፈራው፤ መኪና ቤቱን ያከስራል የሚል ሥጋት ነበረው። ሥጋቱ የሰነፍ አልነበረም፤ የሒሳብ ሰው ሥጋት ነው። ያም ሆኖ በ1933 በፋብሪካው ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ተከፈተ። የመሸመኛ አካል ሲያቀልጡ የኖሩ ሰዎች የሞተር ብሎክ ማቅለጥ ሲጀምሩ ብረቱ አልታዘዝ አላቸው፤ ክምር ሙሉ ተበላሸ። በ1935 የመጀመሪያዋ የሙከራ መኪናና የጭነት መኪናው ወጡ። በ1936 ለመኪናዋ አርማ በሕዝብ መካከል ውድድር ተደረገ፤ 27,000 ያህል ሐሳብ መጣ፤ የተመረጠው “ቶዮታ” ይል ነበር። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ነው፤ ስምንት ደግሞ እዚያ የገደኛ ቁጥር ነው። ለአፍም ይቀላል። “ቶዮዳ” ትርጉሙ ለም የሩዝ ማሳ ነበርና ከገበሬው ስም ወጥቶ የንግድ ምልክት ሆነ። “ታ”ዋ የመጣችው እንዲህ ነው።

በዚህ መካከል እኛ የት ነበርን? ነበርን እንጂ! አባቶቻችንና እናቶቻችን አቡጀዲ ይለብሱ ነበር። ቀድሞ የአሜሪካ የነበረው አቡጀዲ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአብዛኛው የጃፓን ሆነ፤ ርካሽ ነበርና። በ1933 ጃፓን በጥጥ ጨርቅ ሽያጭ ብዛት እንግሊዝን በልጣ የዓለም አንደኛ ሆነች። ያን ጨርቅ ያረከሱት እንዲህ ያሉ መሸመኛዎችና እንዲያ ያሉ ልጃገረዶች ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. (በእነሱ 1931) በመልእክተኝነት ጃፓን ሄደው፣ አገሩን ዞረው አይተው፣ ሲመለሱ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የቀረጹት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በሜይጂው ሕገ መንግሥት አምሳል የተሠራ ነው። የዚያ ዘመን ምሁራን ዓይናቸውን የጣሉት እውነትም ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ነበር። ግን ከጃፓን ለመውሰድ የቀለለው ሕገ መንግሥቱ ነበር፤ ጎተራው አልነበረም። እንግዳ የሆነ መልእክተኛ ያለቀለትን ፋብሪካ ያያል፤ ከፋብሪካው በፊት የፈረሱትን መሸመኛዎች ማን ያሳየዋል?

ጎተራው ደግሞ እኛም ዘንድ ሊኖር ይችል ነበር። የአገራችን ሸማኔ እጅ ከማንም እጅ አያንስም። ያነሰው ለእጁ የተሰጠው ስም ነው። “ቁጢት በጣሽ” እያልን ሰደብነው፣ ቀጥቃጩን “ቡዳ” አልነው፣ ልጁን አንድርለትም አልን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ አዋጅ ማስፈለጉ ግን የነገሩን ስፋት ያሳያል። ያ ዓመት ሳኪቺ ሁለተኛውን ኩባንያ የያዘበት ወቅት ነው። እሱንም ጎረቤቶቹ እብድ ብለውታል። እብድ መባልና ቡዳ መባል ግን ለየቅል ናቸው፤ እብድ የተባለ ሰው ሲሳካለት ስሙ ይቀየራል።

የቀረውን ላሳጥረው። ከጦርነቱ በኋላ የሻንግሃዩ ፋብሪካ ከእጃቸው ወጣ። በ1949 የመኪናው ኩባንያ ለመክሰር ተቃረበ፤ ባንኮች ለማበደር ሠራተኛ ቀንስ አሉ። ኪይቺሮ ሠራተኛ አላባርርም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በ1950 ሠራተኛው አድማ መታ፣ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ተሰናበተ፣ ኪይቺሮም ቃሉን ባለመጠበቁ አብሯቸው ሥልጣኑን ለቀቀ። በእሱ ፋንታ የተሾመው ማን ይመስላችኋል? የመሸመኛው ፋብሪካ ፕሬዚዳንት ኢሺዳ ታይዞ። የጦስ ዶሮ ፍለጋ ሳይሆን ወደ እናት ድርጅት መመለስ ነበር፤ መሸመኛው ያኔ ትርፋማ ነውና። የኮሪያ ጦርነት የጭነት መኪና ትእዛዝ ይዞ መጣ፣ ኩባንያው ተረፈ። ኪይቺሮ ሊመለስ ሲዘጋጅ በ1952 መጋቢት፣ በ57 ዓመቱ፣ ሞተ።

የመሸመኛው ድርጅት ግን አልሞተም። ዛሬ ቶዮታ ኢንዱስትሪስ ይባላል። ፎርክሊፍት በማምረት በዓለም ቀዳሚ ነው፤ ሞተርም ይሠራል፤ ሉም መሥራቱንም አልተወም። አዲሱ ሉም መወርወሪያ የለውም፤ ማጉን በአየር ግፊት እፍ ብሎ በድሩ መካከል ያሳልፈዋል። ናጎያ ያለው የሳኪቺ የ1911 ፋብሪካ ደግሞ፣ ቀይ ጡቡ እንዳለ፣ ኪይቺሮ በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ በ1994 ሙዚየም ሆኗል።

በጥር 2024 ከዚህ ድርጅት አንድ የሚያሳፍር ነገር ተሰማ። ለመኪና የሚሠራቸው ሦስት ዓይነት የናፍጣ ሞተሮች ለመንግሥት ፈቃድ ሲፈተኑ የኃይል ልኬታቸው በትክክለኛው መንገድ እንዳልተወሰደ የምርመራ ቡድን ይፋ አደረገ። ሞተሮቹ የተገጠሙባቸው አሥር የመኪና ዓይነቶች ወደ ገበያ መላክ ለጊዜው ቆመ፤ ከእነሱም መካከል እኛ የምናውቃቸው ሃይሉክስና ላንድ ክሩዘር 300 ይገኙባቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በፎርክሊፍት ሞተሮቹም ላይ ተመሳሳይ ጉድ ወጥቶ ነበር። ምክንያቱ ሲጠና ከላይ የሚመጣ የጊዜ ጥድፊያና ከታች ደፍሮ የማይናገር ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ክር ሲበጠስ የሚቆም ማሽን የፈለሰፈ ቤት ውስጥ፣ ብረቱ ወድቆ ሳለ፣ “ቀጥል” የተባለ ይመስላል። የሳኪቺ የልጅ ልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ ሕዝብ ፊት ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ።

በሰኔ 2025 ደግሞ የቶዮታ ወገን የመሸመኛውን ድርጅት ሙሉ በሙሉ ገዝቶ ከአክሲዮን ገበያ ለማውጣት ማሰቡን አስታወቀ፤ በልጅ ገንዘብ ወላጅን እንደ መግዛት ያለ ነው። የዕቅዱ ጠቅላላ ዋጋ 4.7 ትሪሊዮን የን ያህል ነበር። ከውጭ ያሉ ባለአክሲዮኖች “ዋጋው አንሷል፣ ቤተሰቡ በርካሽ ሊጠቀልለው ነው” ብለው አጉረመረሙ። ከዚህ ውስጥ አኪዮ ከራሱ ኪስ የሚያወጣው አንድ ቢሊዮን የን መሆኑ አብሮ ተነግሯል።